ምስክርና ዲፕሎማ፦ በነገረ መለኮት ትምህርት አመዛዘን ላይ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ፍርድ አለ። ይኸውም ጉባኤ ቤቱ ታላላቅ ሊቃውንትን ያፈራ ቢሆንም ክፍል የለውም፤ የጊዜ ሰሌዳ የለውም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መለኪያ የለውም፤ ስለዚህ ከውስጡ የወጣ ሰው የዕውቀቱ ደረጃ በምን ይታወቃል የሚል ነው። ይህ አነጋገር በውይይት መድረክ ላይ ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ፍርዱ ወደ ቅጽ ይገለበጣል። «የመጨረሻ ያጠናቀቁት ክፍል» በሚለው መስመር ፊት ለፊት፣ ድጓ የዘለቀ፣ ቅኔ የተቀኘ፣ ሐዲስ ኪዳንን ከነትርጓሜው የተማረ ሰው የሚጽፈው አያገኝም። በዚያው መስመር ላይ ከአንድ የነገረ መለኮት ኮሌጅ በጥቂት ዓመታት ተመርቆ የወጣ ወጣት ዲፕሎማውን ወይም ዲግሪውን ያሰፍራል። ሁለቱ ያጠኑት አንድ ሃይማኖት፣ ብዙ ጊዜም አንድ መጽሐፍ ነው። ሆኖም አንደኛው የተማረ፣ ሌላው ያልተማረ ተብሎ ይቆጠራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አቆጣጠር መመርመር ነው። አቅራቢው የሚከራከርበት ነጥብም አንድ ነው። ጉባኤ ቤቱ መለኪያ አልጎደለውም፤ የጎደለው መለኪያውን የሚያነብለት ነው። ሴሚናሪውና የነገረ መለኮት ኮሌጁ የጉባኤ ቤቱን መጻሕፍት ሲወርሱ መመዘኛውን ትተውበታል፤ ዕቅድ አውጪውም እነሱን ተከትሎ የሌለ አድርጎታል። የዚህ ስሕተት ዋጋ በይበልጥ የሚከፈለው ደግሞ ከዋና ከተማ ርቀው በሚገኙ የገጠር አጥቢያዎች ስለሆነ፣ ጉዳዩን ከአንድ የገጠር አገር አቅጣጫ መመልከቱ ተገቢ ይሆናል። ለዚህም በደቡብ ወሎ የሚገኘው የወግዲ አገር ተመርጧል።

1. ከወግዲ የሚነሣው መንገድ

ወግዲ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ጫፍ፣ የዓባይ ሸለቆ ከጎጃም የሚለየው አገር ነው። ከጎረቤቱ ከቦረናና ከመካነ ሰላም ከተማ ጋር በዕቅድ ሥራ ላይ በሚነሣበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው በሩቅነቱ ነው። በትምህርት ታሪክ ግን ይህ አካባቢ ለረጅም ዘመን ዳር አልነበረም። በስተሰሜን በሳይንት የምትገኘው ተድባበ ማርያም ከአገሪቱ ጥንታውያን አድባራት አንዷ ናት። በዐፄ በእደ ማርያም ዘመን (1468–1478 እ.ኤ.አ.) የከበረችው አትሮንሰ ማርያምም በዚሁ ጥንት አማራ ይባል በነበረው ምድር የነበረች ስትሆን፣ በ1531 እ.ኤ.አ. በጦርነት ተቃጥላለች።

ከሁሉም በላይ ለተነሣንበት ጉዳይ የሚጠቅመን የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ታሪክ ነው። በቦረና በሚገኘው በጋሥጫ ስም የሚጠራው ይህ ሊቅ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ ላይ የኖረ ሲሆን፣ መጽሐፈ ሰዓታትን የመሰለ የጸሎት መጽሐፍ ደርሷል፤ መጽሐፈ ምሥጢር የተባለውን ሰፊ የነገረ መለኮት ድርሰትም በ1424 እ.ኤ.አ. ፈጽሟል። የተማረው በሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ሐይቅ ደግሞ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ መሪነት ደቀ መዛሙርትን ሰብስቦ ያስተማረ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም ነው። ገድሉ እንደሚናገረው አባ ጊዮርጊስ በትምህርት ቤት ሳለ ቀለም አልገባ ብሎት ለዓመታት ተቸግሯል። ገድሉ ይህን የሚተርከው ተአምሩን ለማጉላት ነው። የትምህርት ባለሙያ ግን ከዚሁ ታሪክ ሌላ ነገር ያነባል። ዓመት ቆጥሮ የሚያሳልፍና የሚጥል ሥርዐት ቢሆን ኖሮ ይህን ልጅ ገና በመጀመሪያው ዓመት ባሰናበተው ነበር። ጉባኤ ቤቱ ግን የዘገየን ተማሪ የሚያባርርበት የዓመት መጨረሻ አልነበረውም።

የዛሬም የወግዲ ተማሪ መንገድ በአመዛኙ የቀደሙትን መንገድ የተከተለ ነው። ልጁ በአጥቢያው በየኔታ እግር ሥር ፊደል ይቆጥራል፤ አቡጊዳ ይላል፤ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌለ ዮሐንስን ያነባል፤ ዳዊት ይደግማል። ከዚህ በኋላ ያለው ትምህርት በአንድ ቦታ ተሟልቶ የሚገኝ አይደለም። ቅኔ የሚሻ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም፣ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ ወገን ይሄዳል፤ ወይም በሽሎን ተሻግሮ ወደ ዋድላ ይወጣል። ድጓ የሚሻ ጋይንት፣ አቋቋምና መጻሕፍት የሚሻ ጎንደር ይወርዳል። የቆሎ ተማሪ ሆኖ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጃፉ በሚያገኘው እህል ይማራል። በዚሁ በወሎ ምድር የሚኖረው የሙስሊም ልጅም ደረሳ ሆኖ ከሸኽ ወደ ሸኽ፣ ከአንዱ ኪታብ ወደ ሌላው እንደሚሄድ፣ እንደ ዳናና ጌታ ያሉ የወሎ መካናትም በዚህ ዐይነት ትምህርት ስማቸው የገነነ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ስለሆነም የምንነጋገርበት ጉዳይ የአንድ ሃይማኖት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ተማሪው ወደ መምህሩ የሚጓዝበት፣ ዕውቀትም በቦታና በሰው ስም የሚታወቅበት ሥርዐት በጠቅላላው የሚነሣበት ጉዳይ ነው።

2. ምስክር ማለት ምን ማለት ነው

«መለኪያ የለውም» የሚለው ፍርድ ፈጽሞ የማያውቀው አንድ ቃል አለ። ይኸውም ማስመስከር የሚለው ነው። ተማሪው በየትም ደብር በየትኛውም መምህር ዘንድ ድጓን ሊማር ይችላል። ይሁን እንጂ ሙሉ የድጓ መምህር ተብሎ ወንበር ለመዘርጋት ወደ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር አለበት። በዚያ ያለው መምህር የእንግዳውን ዜማ ይሰማል፤ በገዛ እጁ የጻፈውን ድጓ ከቤተልሔሙ ጋር ያስተያያል፤ ምልክቱ የተዛባበትን ያርማል። ለዝማሬና ለመዋሥዕት የምስክሩ ቦታ ዙር አባ ነው። ለቅዳሴ በወሎ ሰለልኩላ፣ በትግራይ ደግሞ ደብረ ዓባይ ይጠቀሳሉ። ለአቋቋም የጎንደር በዓታ ስም የጸና ነው።

አለቃ ዕንባቆም ቃለ ወልድ ስለዚህ ትምህርት የጻፉት፣ መንግሥቱ ለማ ወደ እንግሊዝኛ የተረጐመውና በ1970 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የታተመው ጽሑፍ፣ እንዲሁም ሊቀ ሥልጣናት ሀብተ ማርያም ወርቅነህ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት «ጥንታዊ የኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት» የተባለው መጽሐፍ ስለ ሥርዐቱ ለማወቅ ለሚሻ ሁሉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ጀምሮ ክፍት ሆነው ቆይተዋል። እንግዲህ ዕቅድ አውጪው አላወቀም ቢባል የሚያነበው ስለጠፋ አይደለም።

ምስክርን በትምህርት ምዘና ዐይን ስንመለከተው ሦስት ጠባዮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ የሚያስተምረውና የሚመሰክረው የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የአጥቢያው መምህር ለወዳጁ ልጅ ቢያዳላ፣ ቤተልሔም አያዳላለትም። ይህ የዛሬው የምዘና ሳይንስ የውጭ ፈታኝ የሚለውና ብዙ ወጪ የሚያወጣበት መርሕ ነው። ሁለተኛ፣ የሚለካው ችሎታ እንጂ የቆየበት ጊዜ አይደለም። በአጭር ጊዜ የዘለቀም፣ ብዙ ዓመት የፈጀም የሚመሰከርላቸው በዚያው ዜማ ነው። ሦስተኛ፣ ምስክሩ የሚሰጠው ለአንድ ለታወቀ ሙያ ነው። ድጓ ያስመሰከረ ሰው ስለ ቅኔው ምንም አልተባለለትም። የአንዱን ትምህርት ድካም በሌላው ብርታት አካክሶ አማካይ ውጤት መስጠት በዚህ ሥርዐት የታወቀ አይደለም።

የቅኔ ቤት አሠራር ከዚህ ይለያል። እዚያ የሚለካው የያዙትን መመለስ ሳይሆን ያልነበረውን መፍጠር ነው። ተማሪው ግሱንና አገባቡን እያጠና ከሁለት ቤቱ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እያደገ በአምስት ቤቱ ዋዜማና በስድስት ቤቱ ሥላሴ በኩል አልፎ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። ከመምህሩ የሰማውን መንገድ ይዞ ለብቻው ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ከጓደኞቹ ፊት ያርምለታል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢደግመው ዋጋ የለውም፤ የሌላውን ሰርቆ ቢያቀርብ ጉባኤው ያውቅበታል። እንግዲህ በመላው ዓለም የትምህርት ባለሙያዎች ከፍተኛው የዕውቀት ደረጃ ነው የሚሉት መፍጠር፣ በቅኔ ቤት የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

በመጻሕፍት ቤትም ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት በሚባሉት ጉባኤያት የሚሰጠው የአንድምታ ትርጓሜ የራሱ የሆነ የአእምሮ ልምምድ አለው። አንዱ ተማሪ ንባቡን ያነባል፤ መምህሩ ይተረጕማል፤ «አንድም» እያለ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፍቺ ይጨምራል። ተማሪው የሚያዘው አንዱን ፍቺ መርጦ ሌላውን እንዲጥል አይደለም። ሁሉንም በቦታቸው ይዞ፣ የትኛው ከንባቡ እንደሚስማማ፣ የትኛው ከታሪኩ እንደሚወጣ እንዲለይ ነው። ማታ ደግሞ አስቀጻዩ፣ ማለት ከተማሪዎቹ የበረታው፣ የቀኑን ትምህርት ለታናናሾቹ ያስቀጽላል። ስለዚህ ማንም ከዚህ ቤት ሲወጣ ተምሮ ብቻ ሳይሆን አስተምሮም ነው የሚወጣው። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ለምንሠራ ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እኛ የማስተማር ልምምድ ብለን በሥልጠናው መጨረሻ ለጥቂት ሳምንታት የምንሰጠው፣ በጉባኤ ቤት ከትምህርቱ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው።

3. ሴሚናሪው ያመጣውና ያስቀረው

ሴሚናሪ የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የችግኝ መደብ ማለት ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በትሬንት ጉባኤዋ በ1563 እ.ኤ.አ. በየሀገረ ስብከቱ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ስትወስን፣ ዓላማው ያልተማረ ካህን እንዳይኖር ማድረግ ነበር። ሐሳቡ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአገራችን በሥራ ላይ ውሏል። የላዛሪስቱ ማኅበር አባል ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በዓዲግራት አጠገብ በጓላ ሴሚናሪ ከፍተው ነበር። በዚያ የትምህርት ሥራ ዋና ረዳታቸው የነበሩት አባ ገብረ ሚካኤል ግን የሴሚናሪ ውጤት አልነበሩም። ከወግዲና ከቦረና ማዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ በሚገኘው በመርጡለ ማርያም የተማሩ፣ በጎንደርም ሊቅነታቸው የታወቀ የጉባኤ ቤት ሰው ነበሩ። በሃይማኖት ጉዳይ ከወገኖቻቸው ቢለዩም፣ ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት ይዘውት የገቡት ዕውቀት የጉባኤ ቤቱ ዕውቀት ነው። ይህ ታሪክ ከሃይማኖት ክርክሩ ባሻገር አንድ ነገር ያስረዳል። ይህ የችግኝ መደብ አፈሩን ያገኘው ከጉባኤ ቤት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡትም እንዲሁ ናቸው። በአዲስ አበባ የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በ1953 ዓ.ም. ወደ ኮሌጅነት ከፍ ብሎ፣ ቀጥሎም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። በደርግ ዘመን ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በ1980ዎቹ ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። የወንጌላውያኑ መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ በ1960 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። የቅዱስ ጳውሎስና የመቀሌው ከሳቴ ብርሃን ቅዱስ ፍሬምናጦስ ኮሌጆችም ከዚህ ወገን የሚቆጠሩ ናቸው።

እነዚህ ተቋማት ያመጡት ጥቅም መካድ የለበትም። የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ በዘመንና በማስረጃ መመርመር፣ የግሪክና የዕብራይስጥ ቋንቋዎች ትምህርት፣ የሌሎች አብያተ ክርስቲያናትንና ሃይማኖቶችን አስተምህሮ በአግባቡ ማወቅ፣ በችግር ላይ ያለን ምእመን የማማከር ሙያ፣ ቤተ መጻሕፍትን መጠቀምና ጥናት ጽፎ በማስረጃ መከራከር፣ ከእነዚህ መካከል አብዛኛዎቹ በጉባኤ ቤት የማይገኙ ናቸው። ሴሚናሪው ከሌላ አገር ሊቃውንት ጋር ለመነጋገር የሚያስችል መስኮት ከፍቷል።

ሒሱ የሚጀምረው ሴሚናሪው የወረሰውን እንዴት እንደያዘው ስንመለከት ነው። በጉባኤ ቤት የሕይወት ቋንቋ የነበረው ግዕዝ፣ በኮሌጁ መርሐ ትምህርት ውስጥ በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚሰጥ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሆናል። በየቀኑ ይፈጠር የነበረው ቅኔ፣ ስለ ቅኔ የሚነገር ትምህርት ወደ መሆን ያዘነብላል። ተማሪው ስለ ሰምና ወርቅ ምንነት ጥሩ ገለጻ ሊጽፍ ይችላል፤ አንዲት ጉባኤ ቃና ቁጠር ቢባል ግን ይቸገራል። አንድምታውም ከመምህሩ አፍ ተሰምቶ በማታ የሚቀጸል መሆኑ ቀርቶ፣ ከታተመ መጽሐፍ የሚነበብ ማጣቀሻ ይሆናል። መምህሩ ይናገራል፤ ተማሪው ይጽፋል፤ በሴሚስተሩ መጨረሻ የጻፈውን ይመልሳል። በዚህ ሁኔታ ጉባኤ ቤቱ ዘወትር የሚነቀፍበት የቃል ሽምደዳ በሌላ መልኩ፣ በደብተር አማካይነት ተመልሶ ይገባል ማለት ነው። የሚያስተምረውና የሚፈትነውም አንድ ሰው ስለሚሆን፣ ምስክር የነበረው የውጭ ዳኝነት ይቀራል።

ሁለተኛው ነቀፌታ በሩን ይመለከታል። የኮሌጅ ዲግሪ ዋና መግቢያ የመደበኛ ትምህርት ማስረጃ ነው። ሊቃውንትን በልዩ መርሐ ግብር ለመቀበል የተደረጉ ጥረቶች የሚመሰገኑ ናቸው። ጠቅላላው አሠራር ግን ያስመሰከረውን ሰው እንደ ጀማሪ የሚቆጥር፣ ማስረጃውን ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ብቻ የሚጠይቅ ነው። ውጤቱ በወግዲ ይታያል። ተስፋ ያለው ወጣት ከየኔታ ጋር የሚያሳልፈው ዓመት በወረቀት ላይ እንደ ባከነ እንደሚቆጠር ስለሚያውቅ ከፊደልና ከዳዊት በኋላ ያቋርጣል። የጸናውም ኮሌጅ ገብቶ ከተመረቀ፣ ዲፕሎማው ዋጋ ወደሚያገኝበት፣ ወደ ጽሕፈት ቤትና ወደ ከተማ ደብር ይሄዳል። የአጥቢያው የኔታ ግን በእርሻውና በምእመናን ስጦታ እየኖረ ያረጃል። ተተኪ ሳያገኝ ባለፈ ጊዜም የሚዘጋው አንድ ቤት ብቻ አይደለም። በዚያ አገር ለብዙ ልጆች የመጀመሪያው ማንበቢያ የሆነው ቄስ ትምህርት ቤትም አብሮት ይዘጋል። ይህ በመንደሩ ያለውን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ ነው፤ ፊደል ለይቶ ይመጣለት የነበረው ልጅ ከእንግዲህ ባዶ እጁን ይመጣልና።

4. የጉባኤ ቤቱ ጉድለቶች

ከዚህ በላይ የተባለው ጉባኤ ቤቱን ከነቀፌታ ነፃ ለማውጣት አይደለም። የመጀመሪያው ጉድለት በመጀመሪያው ደረጃ ይገኛል። ሕፃኑ የማያውቀውን ቋንቋ በቃሉ ይዞ፣ ትርጉሙን ሳይረዳ ዓመታት ያሳልፋል። ወደ ቅኔ ቤት የደረሰ የድካሙን ፍሬ ያገኛል፤ ከንባብ ቤት የቀረው ብዙው ግን የቋንቋውን ድምፅ ይዞ ምሥጢሩን ሳያገኝ ይቀራል። ስለ ጉባኤ ቤት ፍሬ ሲነገር የደረሱት ብቻ እየተቆጠሩ፣ በመንገድ የቀሩት የሚረሱት ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው የተማሪው ኑሮ ነው። ረኀብን፣ በሽታንና የውሻ ንክሻን ተቋቁሞ መማር ጽናትን ያስተምራል ይባላል። ይህ አባባል ከጸኑት አንደበት ሲወጣ እውነት አለው። ነገር ግን አንድ የትምህርት ሥርዐት ተማሪውን በመንገድ ላይ መጣሉን የብርታቱ ምልክት ሊያደርገው አይገባም። ሦስተኛው የሴቶች ጉዳይ ነው። በጎጃም ቅኔን ለብዙ ዘመን ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የሴት ልጅ አእምሮ ለዚህ ትምህርት እንደማያንስ ሕያው ማስረጃ ሆነው አልፈዋል። ሆኖም የእርሳቸው ስም ነጥሮ የሚጠቀሰው ብቻቸውን ያህል ስለሆኑ ነው። በሩ ለሴቶች ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ አንድ ስም ባልበቃን ነበር።

አራተኛው ጉድለት ምስክርን ራሱን ይመለከታል። ምስክሩ የሚኖረው በሰዎች ትውስታ ነው። መምህሩ ሲያርፉ፣ ደብሩ በእሳት ወይም በጦርነት ሲጠፋ ማስረጃውም ይጠፋል። የአትሮንሰ ማርያም ታሪክ በዚያው አገር የሚታወስ ምሳሌ ነው። በቃል የሚጸና ማዕርግ እርስ በርስ በሚተዋወቅ ማኅበር ውስጥ ይበቃል። ሰው ከአገር አገር በሚዘዋወርበት፣ ሥራም በማስረጃ በሚሰጥበት ዘመን ግን አይበቃም። በዚህ ነጥብ ላይ ዲፕሎማው ከምስክሩ ይበልጣል፤ ይህንን የጉባኤ ቤቱ ወዳጆች ሳያቅማሙ ሊቀበሉት ይገባል።

5. ምን ይደረግ

በቅድሚያ የመንግሥትን ድርሻ መለየት ያስፈልጋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዝዛል። ስለዚህ ካህን ማሠልጠን፣ ወይም ስለ አንድ ሃይማኖት አስተምህሮ መፍረድ የትምህርት ሚኒስቴር ሥራ አይደለም። ነገር ግን የግዕዝ ቋንቋና ሰዋስው፣ የቅኔ ሥነ ጽሑፍ፣ የዜማ ምልክት፣ የባሕረ ሐሳብ የዘመን ስሌት፣ የብራና አዘገጃጀትና የእጅ ጽሑፍ ሙያ የሃይማኖት ምሥጢር ብቻ አይደሉም። የአገር ዕውቀት ናቸው። በዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍና የእጅ ጽሑፍ ጥናት የሚሰጥባቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። መንግሥት እነዚህን ቢመዝን ሕገ መንግሥቱን አይተላለፍም። የዐረብኛና የዐጀሚ ጽሑፍ ዕውቀት ላለው የወሎ ደረሳም በዚያው መሥፈርት ሊመዘንለት ይገባል።

እንዴት ይመዘናል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከራሳችን አሠራር ውስጥ ይገኛል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ፣ ባለሙያ የትም ይማር የት፣ በብቃት ምዘና ካለፈ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠው መንገድ ከፍቷል። ግንብ ከአባቱ ጋር እየሠራ የተማረ ሰው ተመዝኖ ግንበኛ መሆኑ ከተረጋገጠለት፣ ቅኔ ከመምህሩ ጋር ለዓመታት የቆጠረ ሰው ተመዝኖ የግዕዝ ባለሙያ መሆኑ የማይረጋገጥለት በምን ምክንያት ነው? መርሑ አንድ ነው፤ የተማረበት ቦታ ሳይሆን የያዘው ችሎታ ይለካ የሚል ነው። ቤተልሔም ከብዙ ትውልድ ጀምሮ ስትሠራበት የቆየችውም ይኸው መርሕ ነው። ስለሆነም መዛኙን ከውጭ ከመፈለግ ይልቅ፣ የምስክር ቤቶቹን መምህራን ለዚህ ሥራ መጥራትና የሰጡትን ምስክርነት በመዝገብ ማኖር ይበቃል። እንዲህ ሲሆን ምስክሩ የዲፕሎማውን ጽናት ያገኛል፤ ዲፕሎማውም የምስክሩን እውነት ያገኛል።

ሴሚናሪዎችና ኮሌጆች በበኩላቸው ተማሪውን ወደ ከተማ ከመሳብ ይልቅ ትምህርቱን ወደ ተማሪው መውሰድን ሊያስቡበት ይገባል። በ1963 እ.ኤ.አ. በጓቴማላ የሚገኝ አንድ የፕሬስቢቴሪያን ሴሚናሪ፣ ከተማ ገብተው የተማሩት ወደ ገጠር አለመመለሳቸውን ተመልክቶ፣ መምህራኑን በየጊዜው ወደ ገጠር ማዕከላት መላክ ጀመረ። ተማሪዎቹ እርሻቸውንና ምእመናናቸውን ሳይለቁ በሥራ ላይ ሆነው ተማሩ። ይህ አሠራር ከዚያ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። የወግዲ ቄስም ገበሬ ነው። በመኸርና በአጨዳ ወቅት ማሳውን ሊለቅ አይችልም፤ በዓልም ያለ እርሱ አይከበርም። ለእንዲህ ያለው ሰው ትምህርት መካነ ሰላም ድረስ ቢመጣለት፣ በየዓመቱም ሥራ ቀለል በሚልበት ወራት ቢሰጠው ይማራል። አገሩን ለቀህ ተማር ቢባል ግን ወይ አይማርም፣ ወይ አይመለስም። በዚህ ረገድ ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ያቋቋሙት የካህናት ማሠልጠኛ፣ የአብነቱንና የዘመናዊውን ትምህርት በአንድ ግቢ ለማስማማት ከአዲስ አበባ ውጪ የተደረገ ጥረት በመሆኑ ሊጠና የሚገባው ነው።

ለትምህርት ቤት መምህራንና ለእኛ ለአሠልጣኞችም ከዚሁ የሚወሰድ አለ። ተማሪ ስለ ድርሰት የተነገረውን ከሚመልስ፣ በየቀኑ ሁለት ስንኝ ወይም አንድ አንቀጽ እየፈጠረ ከክፍል ጓደኞቹ ፊት ቢታረም የበለጠ ይማራል። ብዙ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል አስቀጻይን የመሰለ የበረታ ተማሪ ለታናናሾቹ ረዳት ቢደረግ፣ ረዳቱም ተረጂውም ይጠቀማሉ። በአንድ ጥያቄ ላይ አንድ መልስ ብቻ ከመቀበል ይልቅ፣ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን እንዲያመጣና የትኛው እንደሚሻል እንዲያስረዳ ማድረግ ያመዛዘነ አእምሮ ያፈራል። ከእነዚህ አንዱም ከውጭ አገር መጽሐፍ መገልበጥን አይጠይቅም።

ማጠቃለያ

የነገረ መለኮት ትምህርት በአገራችን በሁለት ቤት ይኖራል። አንዱ ቤት ዕውቀትን በሰው ልብ ጽፎ ወረቀት አልሰጠም፤ ሌላው ወረቀት ሰጥቶ በልብ መጻፉን ለተማሪው ትቶታል። ሁለቱ እርስ በርስ ሊመሰካከሩ ሲገባ፣ አቆጣጠራችን አንደኛውን ከቁጥር ውጪ አድርጎታል። በቁጥር የማይታይ ነገር ደግሞ በጀት አይያዝለትም፤ ተተኪ አይፈለግለትም፤ ሲጠፋም መጥፋቱ አይታወቅም።

ስለሆነም የመጀመሪያው እርምጃ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በአካባቢያቸው ያሉትን የጉባኤ ቤት መምህራን፣ የሚያስተምሩትን ሙያና ያስመሰከሩበትን ቦታ፣ እንዲሁም የደረሳ መምህራንን በአንድ መዝገብ ይያዙ። ቅጽ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎችም «የመጨረሻ ያጠናቀቁት ክፍል» ከሚለው መስመር በታች «ያስመሰከሩበት ሙያና ቦታ» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ። በዚያ መስመር ላይ የሚሰፍረው ስም የዛሬዎቹ የኔታዎች ሳያልፉ ከተመዘገበ፣ ምዘናውንና መርሐ ትምህርቱን ቀጥሎ መሥራት ይቻላል። ካለፉ በኋላ ግን ምንም ያህል የተሻለ ቅጽ ቢዘጋጅ የሚሞላው ሰው አይገኝም።